ሳቅ ለምን? ከቢቸና ለቅሶ ቤት እስከ ሞጣ መማሪያ ክፍል

የትምህርት ክፍላችን ለዚህ እትም ጽሑፍ አዘጋጁ ሲለን ጓደኞቼ ስለ ሱስ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ፈተና ፍርሃት ለመጻፍ ተመዘገቡ። ተራዬ ደርሶ "እኔ ስለ ሳቅ ነው የምጽፈው" ስል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልብ በሉ፤ ቀልድ አልተናገርሁም። የተናገርኋት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ብትቀመጥ ማንንም አታስቅም። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ምን አሳቀው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ርዕሱን የመረጥሁት ግን ለጨዋታ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ሲሆን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማርሁት ሞጣ፣ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ነው። ከሁለቱም ከተሞች እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ አንድ አንድ ሳቅ ይዣለሁ። በቢቸናው ሳቅ ሰዎችን ተቀየምሁ። የሞጣውን ግን የሳቅሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ

አያቴ ያረፉት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በእኛ አገር ልማድ ከቀብር በኋላ ጎረቤትና ዘመድ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ማታ ማታ እየመጣ ያመሻል፤ የሚያድረውም መሬት ላይ ተነጥፎለት ያድራል። በሁለተኛው ሌሊት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ አንድ የአያቴ ባልንጀራ የነበሩ ሽማግሌ "የበቅሎዋን ነገርስ ታስታውሱታላችሁ?" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ በጎልማሳነታቸው አንዲት በቅሎ ሞጣ ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ዘመድ ጠይቀው፣ መንገድ አድረው ቢቸና ቤታቸው ሲደርሱ በቅሎዋ ቀድማቸው ከደጃፍ ቆማለች። ለካስ ከገዢዋ አምልጣ መጥታ ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን "እግዜር መለሰልኝ" ይል ይሆናል። አያቴ ግን በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ በቅሎዋን ይዘው ወደ ሞጣ ተመለሱ። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ በእግራቸው እየሳቡ ወሰዷት እንጂ አንዴም አልተቀመጡባትም። መንገደኛው "ምነው ወንድሜ፣ በቅሎ ይዞ በእግር ይኬዳል እንዴ?" ሲላቸው "የሰው ናት! የሰው በቅሎ ሳያስፈቅዱ ይቀመጡባታል እንዴ?" እያሉ ይቆጡ ነበር አሉ።

ሽማግሌው የአያቴን ድምፅ አስመስለው ይህን ሲናገሩ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስም ብለው የነበሩት ሴት አያቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ ሳይቋረጥ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ወደ ውጭ ስወጣ እናቴ ተከትላኝ ወጣች።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆንህ?"

"አባባን ቀብራችሁ ትስቃላችሁ?"

"እና አብረነው እንቀበር?" አለችኝና ተመልሳ ገባች።

እውነቱን ለመናገር፣ ለእናቴ የሚሆን መልስ የለኝም ነበር። ሴት አያቴ በዚያ ሌሊት ትንሽ አጥሚት ቀመሱ። ይህን ያየሁት እያኮረፍሁ ነው።

ለመሆኑ ሳቅ ምንድን ነው?

ከአካል በኩል ካየነው ሳቅ የተቆራረጠ ትንፋሽ ነው። ስንናገር አየሩን በምላስና በከንፈር እየቀረጽን እናወጣዋለን። ስንስቅ ግን በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችና ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም አየሩን እየጨመቁ ይተፉታል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ይህንን በመሣሪያ ለክቶታል። እያንዳንዷ "ሃ" የምትቆየው 75 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲሆን ከአንዷ መነሻ እስከ ቀጣይዋ መነሻ ያለው ጊዜ 210 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አምስት ያህል "ሃ" ትወጣለች ማለት ነው። ድምፁ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ሳቂው ጃፓናዊም ይሁን ጎጃሜ፣ ምቱ ያው ነው። ሳቅ ከየትም አገር ይምጣ ሳቅ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ምት ነው።

ፕሮቫይን ከዚህ የበለጠ ደግሞ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አድርጓል። እሱና ተማሪዎቹ በገበያ አዳራሽና በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየዞሩ ሰዎች ሲስቁ ከሳቁ በፊት ምን እንደተባለ መዘገቡ። 1,200 ያህል ሳቅ ሰበሰቡ። ከእነዚህ ውስጥ ቀልድ የሚመስል ነገርን ተከትለው የመጡት ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት "በል እንግዲህ ልሂድ"፣ "እንዴት ሰነበትሽ" ዓይነት ተራ ንግግሮችን የተከተሉ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ተናጋሪው ከአድማጩ 46 በመቶ ያህል አብልጦ የሚስቅ መሆኑ ነው። በሌላ ጥናቱ ሰው ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል አብዝቶ እንደሚስቅ አገኘ። እንግዲህ የክፍሌ ልጆች ያሳቃቸው የእኔ ዓረፍተ ነገር አልነበረም ማለት ነው። አርባ ሆነው መቀመጣቸው ነው ያሳቃቸው።

ሳቅ አንማረውም። ሕፃን ቃል ሳይናገር፣ ሳይቆምም፣ በሦስትና በአራት ወሩ ይስቃል። ዓይነ ስውርም መስማት የተሳነውም ሆኖ የተወለደ ልጅ የሰው ሳቅ ሰምቶም አይቶም ሳያውቅ ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የቺምፓንዚ፣ የጎሪላና የኦራንጉታን ግልገሎች ሲኮረኮሩ የሚያወጡትን ድምፅ መርምሮ የእኛ ሳቅ ዘመድ መሆኑን አሳይቷል። ያክ ፓንክሴፕ የሚባለው ተመራማሪማ አይጥ ኮርኩሮ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን የደስታ ድምፅ ቀድቷል። (አይጥ መኮርኮር ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል ብል አባቴ አያምነኝም!) ራሳችንን ኮርኩረን ግን ሳቅ አይመጣም። አእምሯችን የራሳችን እጅ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ስለሚያውቅ ስሜቱን ያደበዝዘዋል። ሳቅ ገና ከመጀመሪያው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ለምን ግን? ሮቢን ደንባር የተባለው የኦክስፎርድ ምሁር ሰፊ ተቀባይነት ያገኘ ማብራሪያ አለው። ዝንጀሮዎች ወዳጅነታቸውን የሚያጸኑት አንዱ የሌላውን ጠጉር እየፈተለ፣ ቅማል እየለቀመለት ነው። ይህ ግን በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ ነው የሚሆነው። የሰው ማኅበር እየሰፋ ሲሄድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው "የሚነካ" ነገር አስፈለገ፤ ሳቅም ያንን ሥራ ያዘ ይላል። ይህን ለመፈተሽ እሱና ባልደረቦቹ ሰዎችን በቡድን አድርገው አስቂኝ ፊልም አሳዩ፤ ሌሎችን ደግሞ የማያስቅ ፊልም። ከፊልሙ በፊትና በኋላ ክንዳቸው ላይ ሕመም የሚፈጥር ነገር፣ ለምሳሌ በረዶ የሆነ መጠቅለያ፣ አስረው እስከ መቼ እንደሚችሉት ለኩ። የሳቁት ሕመሙን አብልጠው ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች 12 ወንዶችን ከጓደኞቻቸው ጋር አሳስቀው አንጎላቸውን በምስል ሲመረምሩ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸው ሕመም አስታጋሽ ኬሚካሎች እንደሚለቀቁ አገኙ።

አሁን ወደ ቢቸናው ለቅሶ ቤት እንመለስ። ኬልትነርና ቦናኖ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ልክ ስለ ሴት አያቴ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ካጡ ስድስት ወር የሆናቸውን ሰዎች ስለ ሟቹ እንዲናገሩ ጠየቁና ፊታቸውን በቪዲዮ ቀረጹ። ስለ ሟቹ እያወሩ ከልባቸው የሳቁት ሰዎች ካልሳቁት ያነሰ ቁጣና ጭንቀት የተናገሩ ሲሆን ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ነበር። በርግጥ ሳቁ ሐዘኑን አቀለለው ወይስ ሐዘኑ የቀለለለት ሰው ሳቀ የሚለውን እንዲህ ዓይነት ጥናት አይለየውም። እኔ ግን ሽማግሌው በዚያ ሌሊት ምን እንዳደረጉ ገብቶኛል። አያቴን በድምፃቸው መልሰው አመጧቸው፤ ቤቱ ደግሞ ለአንድ አፍታ አብሮ ተነፈሰ። "ሐዘንተኛ ማጫወት" የሚባለውን ነገር እስከዚያ ድረስ እንዲሁ የወግ ያህል ነበር የማስበው።

የከንፈርና የአንጀት

በእንግሊዝኛ ያነበብኋቸው ጽሑፎች ሳቅን በሁለት ለመክፈል ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። አማርኛችን ግን ሥራውን ቀድሞ ጨርሶታል። ፈገግ ማለት አለ፤ ከት ብሎ መሳቅ አለ፤ መንከትከት፣ መፍለቅለቅ፣ መንፈቅፈቅ አለ። ያለ ምክንያት ጥርሱን የሚያሳየው ገለፈጠ ይባላል። ሴትም ወንድም ሳቁ ከልክ ሲያልፍ አሽካካ ይባላል። በሰው ላይ ሲሆን ደግሞ አላገጠ፣ አፌዘ፣ ተሳለቀ፣ አሽሟጠጠ። "ሆድ ሲያር ጥርስ ይስቃል" የሚለውም ተረት የሁለቱን ሳቆች ልዩነት ከማንም በላይ ይገልጸዋል። በነገራችን ላይ "ሳቀ" የሚለው ቃል የግእዙ "ሠሐቀ" ሲሆን ይስሐቅ የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው።

ሳይንሱ ይህን ልዩነት በፊት ጡንቻ ያገኘዋል። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው የአፍን ጠርዝ ወደ ላይ መሳብ ማንም በፈቃዱ ይችላል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን እምብዛም አይታዘዝም። የነርቭ መንገዱም የተለያየ ነው። ከልብ የመነጨው ሳቅ ከአንጎል ጥልቅ የስሜት ክፍሎች ሲነሣ የይሉኝታው ሳቅ ንግግርን በሚያዝዘው መንገድ ይመጣል። ሶፊ ስኮት የምትባለው እንግሊዛዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ደግሞ የይሉኝታ ሳቅ ስንሰማ አንጎላችን ውስጥ የሌላውን ሐሳብ ለመገመት የምንጠቀምበት ክፍል ይበልጥ እንደሚሠራ አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር አእምሯችን "ይኼ ሰውዬ ለምን ሳቀ?" እያለ መመራመር ይጀምራል።

አንድ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ደግሞ ለውጪ ሰውም ወሬ ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በ24 ማኅበረሰቦች ለሚገኙ 966 ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚስቁ አሜሪካውያን ድምፅ ተሰማላቸው፤ አንዱ ቅጂ ከአንድ ሰከንድ ያህል አይበልጥም። የሳቁት ጓደኛሞች ናቸው ወይስ እንግዶች? ተብለው ሲጠየቁ 61 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። በአንድ ሰከንድ! ቋንቋውን የማያውቁት ጭምር ናቸው።

ሳቅ ግን ሁልጊዜ የደስታ ምልክት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1962 በዛሬይቱ ታንዛኒያ ካሻሻ በምትባል መንደር በነበረ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ጥቂት ልጃገረዶች መሳቅ ጀመሩ። ሳቁና ልቅሶው እየተዛመተ ከ159 ተማሪዎች 95ቱን ያዘ፤ ትምህርት ቤቱም በመጋቢት ተዘጋ። ወደ ቤታቸው የተላኩት ልጆች ወደየመንደራቸው ይዘውት ሄዱ። ሐኪሞች መርዝም ተሕዋስያንም ፈልገው አላገኙም። የጭንቀት ወረርሽኝ ነበር ነው የሚባለው። ይህን ሳነብ ነው የሴት አያቴ ሳቅና ልቅሶ እየተቀያየሩ መምጣታቸው መገረሜን የተወው። ሁለቱም በአንድ ጡንቻ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሠሩ ናቸው።

እንደ ካሻሻው ሁሉ ሳቅ ተላላፊ ከሆነ በጎ ነገርም ሊሠራበት ይችላል ያለ ሰው በአገራችን አለ። በላቸው ግርማ እ.ኤ.አ. በ2008 ለ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ያህል በመሳቅ የክብረ ወሰን ባለቤት ተብሎ በዓለም ዜና የተነገረለት ኢትዮጵያዊ ነው። በአዲስ አበባም የሳቅ ትምህርት ቤት ከፍቶ አስተምሯል። ብዙ ሰው ሲሰማው ያላግጥበታል። እኔ ግን ዘዴው ሞኝነት አይመስለኝም። በይሉኝታ የተጀመረ ሳቅ ሰው በተሰበሰበበት ከቆየ እውነተኛውን ይጠራዋል። ሳቅ በሽታ ይፈውሳል ወደሚለው ግን አልሄድም። ማስታገስና መፈወስ ለየቅል ናቸው።

አጥሩና ውጪው

እስካሁን ያነሣሁት የሳቅን መልካም ጎን ነው። ሰውን የሚያቀራርብ ነገር ሁሉ ግን ያልቀረበውን ያርቃል።

የእኛ አካባቢ ቅኔ አገር ነው። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በሊቃውንቱ የታወቀ ነው። በሰምና ወርቅ በሚጫወት ሰው ዘንድ ሳቅ የመግባት ምልክት ነው። ወርቁን ያገኘው ቀድሞ ይስቃል፤ ያላገኘው ሌሎቹን አይቶ ዘግይቶ ይስቃል፤ ባይገባውም ይስቃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት የአቋቋሙ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው "እንደምን አደራችሁ?" ብለው በብዙ ቁጥር ሰላምታ ሰጡ ይባላል። ለሰሚ ሰላምታ ነው። ለገባው ግን ሴትዮዋን ከአህዮቿ ጋር ቆጥረዋታል። የአለቃን ቀልድ ስንናገር የምንቆመው ሁልጊዜ ከአለቃ ጎን ነው። ከሴትዮዋ ጎን ሆኖ የሚናገረው ሰው አላጋጠመኝም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ ዲማ የሚኖረውን ጉዱ ካሣን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካሣ ዳምጤ የባላባቱን ወግና የዘመኑን ሥርዓት ስለነቀፈ እንደ እብድ ተቆጠረ፤ "ጉዱ" የሚል ቅጽል ወጣለት። ቅጽሉ ሰውየው የሚናገረውን ሳይመልሱለት ለማለፍ ይበቃል። መልስ የሚያስፈልገው ንግግር በሳቅ ተዘጋ ማለት ነው። ደራሲው ይህን የጻፉት ስለዚያ ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ሞጣ ውስጥ በራሴ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ከፊቴ ይቀመጥ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ አገሩ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በሒሳብ ከማናችንም ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተነሥቶ እንዲያነብ ተጠየቀ። "ናይፍ" የሚለውን ቃል እንደተጻፈው ፊደል በፊደል "ክኒፌ" ብሎ አነበበው። እኔ ከኋላው ሆኜ ከት ብዬ ሳቅሁ። የመጀመሪያው ሳቂ እኔ ነበርሁ፤ ከዚያ ክፍሉ ተከተለኝ። እሱም ዞር ብሎ አየንና አብሮን ሳቀ።

በእረፍት ሰዓት "ክኒፌ" ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ስሙ ክኒፌ ሆነ። በጠራነው ቁጥር ይስቃል። ይስቅ ስለነበር የከፋው መሆኑ ለማናችንም አልታየንም። መጀመሪያ ማንበብ ተወ፤ ቀጥሎ እጅ ማውጣት ተወ፤ በሒሳብም ጭምር። ከዚያ አንድ ሰኞ ከአገሩ ሳይመለስ ቀረ። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ አላውቅም። ብዙ የገጠር ተማሪ በስንቅና በቤት ኪራይ ምክንያት ያቋርጣል። ግን እኔ ከት ብዬ የሳቅሁባትን ቀን ከዚያ ሰኞ ለይቼ ማሰብ አልቻልሁም።

ሚካኤል ቲትሰ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ "ጌሎቶፎቢያ" ብሎ የሰየመው ነገር አለ፤ ይሳቅብኛል ብሎ መፍራት ማለት ነው። ይህ ፍርሃት የበረታበት ሰው የወዳጅ ሳቅ እንኳ የላግጫ ሆኖ ይሰማዋል። ከሩቅ የሚስቁ ሰዎች ካየ በእኔ ነው ይላል። ለሌላው መድኃኒት የሆነው ድምፅ ለእሱ ማስፈራሪያ ነው። ይህን ያነበብሁ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ከቤተ መጻሕፍት ወጣሁ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እኛ በዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ልጆች አልነበርንም። ከቢቸና የመጣሁ እንግዳ ስለነበርሁ ሳቁን ስጀምር የሞጣ ልጆች ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ጓደኛ ያገኘሁት። ሳቁ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። እኔን አስገባኝ፤ እሱን አስወጣው።

ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ከመናኸሪያ ስወጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር "አንተ! የቢቸናው ልጅ አይደለህም?" ብሎ ጠራኝ። እሱ ነበር። ሰውነቱ ሞልቷል። ተሳፈርሁና የቤት የአገሩን ተጠያየቅን፤ እናቱ ደኅና ናቸው፤ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። አክስቴ ሰፈር ልንደርስ ስንል እንደምንም ብዬ "ያኔ ክፍል ውስጥ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ክኒፌን ነው?" አለና ሳቀ።

ሳቁን በደንብ አዳመጥሁት። በመስታወቱ ውስጥም ዓይኑን አየሁት። ይህን ሁሉ አንብቤ እንኳ የትኛው ሳቅ እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። ሒሳብ ስሰጠው "ተው እንጂ" ብሎ እጄን መለሰልኝና ባጃጁን አዙሮ ሄደ።